የጃሂሊያው ጥሪ በዩኒቨርሲቲ ግቢ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምናነሳው ርዕስ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ስለሚታየው ዘረኝነት ነው። ርዕሱን የሰማ ሰው «ይህ የተማሪዎችና የአስተዳደሩ ጉዳይ ነው» ብሎ ሬድዮውን እንዳይዘጋው አደራ እላለሁ። ከተማሪው እኩል እዚሁ ሮቤና ጎባ ላይ ቤት የሚያከራየውን፣ ሱቅ የከፈተውን፣ ባጃጅ የሚነዳውን፣ መስጂድ ውስጥ ከፊት ሰፍ የሚቆመውን ሰው ይመለከታልና።

እንደምታውቁት መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ል. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሮቤ የድሮዋ ሮቤ አይደለችም። ድሮ ከሩቅ የሚመጣባት ስንዴና ገብስ የሚሸምት ነጋዴ ነበር። ዛሬ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን የሰው ልጆች ይመጡባታል። ምደባው የመንግሥት ነው፤ ተማሪው ምርጫውን ይሙላ እንጂ የት እንደሚደርሰው አያውቅም። የሞጣ ልጅ ሮቤ ይደርሰዋል። የሆሳዕናው፣ የጅግጅጋው፣ የጋምቤላው ልጅ በዚህ በእኛ ብርድ ብርድ ልብስ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ሲዞር ታዩታላችሁ። የእኛም ልጅ በተራው ደብረ ማርቆስ ወይም አርባ ምንጭ ይደርሰዋል።

አንድ ጊዜ አንዲት የጎባ እናት ከሶላት በኋላ በር ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ወደ ሰሜን ተመድቦ ሄዷል። «ሸኽ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፤ እዚያ ሰው አገር የሚያየው ሰው ያግኝልኝ» አሉኝ። ዱዓ አደረግን። ቀጥዬም «እናቴ፣ የጓሮውን ክፍል ዘንድሮ ለማን አከራዩት?» ስል ጠየቅኳቸው። ከግቢ ወጥተው የተከራዩ ሁለት የወሎ ተማሪዎች እንዳሉበት ነገሩኝ። ስማቸውን ጠየቅኩ፤ አላወቁትም። ልጆቹ ከገቡ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። እኒህ እናት ደግ ሴት ናቸው፤ ለሙት ቤት የሚሮጡ፣ ለችግረኛ የሚደርሱ። ግን ዱዓ ያስደረጉለት ልጅ እርሱም እዚያ ለአንዲት ሌላ እናት የጓሮ ክፍል ተከራይ ነው። ያቺ እናት ስሙን ትጠይቀው ይሆን?

ውድ አድማጮች፣ በሽታ በስሙ ካልተጠራ አይታከምምና የሆነውን እናስታውስ። በጥቅምት 2012 መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግጭት ተነስቶ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ዞረ። በተከታዮቹ ሳምንታት በአማራም፣ በኦሮሚያም ባሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ግጭቱ ቀጠለ፤ ሌላም የተማሪ ሕይወት ጠፋ። ብዙ ሺህ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ትምህርቱን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኅዳር መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ፤ ወላጆቻቸውም ቁርጥ ያለ ወሬ ሳይሰሙ ወራት አለፉባቸው።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልብ እንበል። አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ልጅ ይገደላል። የገደለው ግለሰብ ነው። በሌላ ከተማ ያለ ወጣት ግን «የእኛን ሰው ገደሉት» ይልና ወልድያን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም ወሬውን ያልሰማ የክፍል ጓደኛውን በድንጋይ ይመታዋል። ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከእስልምና በፊት የነበሩ ዐረቦች ደም ሲፈስባቸው ገዳዩን አይፈልጉም ነበር፤ ከገዳዩ ጎሳ ያገኙትን ይገድላሉ። ቁርኣን የመጣው ይህን ሊያፈርስ ነው። ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም አላህ (ሱ.ወ) በተለያዩ ሱራዎች ደጋግሞ አስተምሮናል። ይህን ትምህርት በቃሉ የሐፈዘ ወጣት፣ የቋንቋው ተናጋሪ ሞተ ሲባል ድንጋይ ካነሳ ከየትኛው ወገን እንደቆመ ራሱን ይጠይቅ።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ይህ ክስተት በሐዲስ መጽሐፎችና በሲራ ውስጥ በሰፊው የተመዘገበ ነው። ከሒጅራ በኋላ በ5ኛው ወይም በ6ኛው ዓመት (የታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ) ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ ሠራዊቱ አል-ሙረይሲዕ በሚባል ውሃ ዘንድ ሰፈረ። ሰው በዝቶ ውሃው ላይ ግፊያ ሆነ። ከሙሃጂሮች ወገን የሆነ አንድ ሰው ከአንሷሮች ወገን የሆነውን መታው። ነገሩ የሁለት ሰዎች ጠብ ነው፤ በሁለት ሽማግሌ የሚያልቅ። ግን የተመታው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንሷሮችን ተጣራ። መቺውም ሙሃጂሮችን ተጣራ። ወዲያው በሁለቱም በኩል ሰው ተሰበሰበ፤ ሰይፍ ሊማዘዝ ሆነ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድምፁን ሰምተው ወጡ። ይህ የጃሂሊያ ጥሪ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እንዲተዉትም አዘዙ፤ የሚገማ ነገር ነውና አሏቸው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስኪ አንድ ነገር አስተውሉ። «ሙሃጂር» እና «አንሷር» ማለት የስድብ ስም ነውን? በጭራሽ! ሁለቱም አላህ ራሱ በቁርኣን ያመሰገናቸው ሰዎች ስም ነው። ሙሃጂር ለዲኑ ሲል አገሩን የተወ ነው፤ አንሷር ደግሞ እርሱን የተቀበለ ነው። ከነዚህ ስሞች የበለጠ የክብር ስም ከየት ይመጣል? እንዲህም ሆኖ ስሙ ለጠብ መጥሪያ የሆነባት ደቂቃ ላይ ነቢያችን ጃሂሊያ አሉት። የተጸየፉት ስሙን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም ሙሃጂሩ ሙሃጂር፣ አንሷሩም አንሷር ሆነው ኖረዋል። የተጸየፉት ጥሪውን ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ዘንድ ስለ ዘረኝነት የሚናገሩ ሰዎች ሁለት ጽንፍ ይይዛሉ። አንዱ ወገን «ኦሮሞ ነኝ፣ አማራ ነኝ፣ ሶማሌ ነኝ አትበሉ፤ ይህ ራሱ ዘረኝነት ነው» ይላል። ይህ ከዲናችን ጋር አይሄድም። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ አላህ ሰዎችን ጎሳና ነገድ ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን ይነግረናል፤ አላህ ራሱ ያደረገውን ነገር ሰው እንዲያፍርበት ማድረግ ተገቢ አይደለም። ሌላው ወገን ደግሞ ስሙን ይዞ ይጣራበታል። የወገኑ ልጅ ካጠፋ ይሸፍናል፤ የሌላው ልጅ ካጠፋ ሕዝቡን በሙሉ ይከሳል። ዑለማዎች ዐሰቢያ የሚሉት ይህንን ነው።

ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም፤ የቀረው ክፍል እንዲያውም ለእኛ ለከተማው ነዋሪዎች የመጣ ይመስለኛል። የሙናፊቆቹ መሪ ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ወሬው ሲደርሰው ጊዜውን አገኘ። ለመዲና ሰዎች የተናገረው ሐሳቡ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ አገራችሁን ሰጣችኋቸው፣ ንብረታችሁን አካፈላችኋቸው፣ ብትከለክሏቸው ኖሮ ወደ ሌላ ይሄዱ ነበር፤ መዲና ስንመለስ የተከበረው ወገን የተዋረደውን ያስወጣል። ሱረቱል ሙናፊቁን ይህንኑ መዝግቦታል። አሁን በእውነት እንነጋገር። «ዳቦ ያበላናቸው እኛ፣ ቤት ያከራየናቸው እኛ፤ ደግሞ ይንቁናል፤ ይውጡልን» የሚል ንግግር በገበያችን፣ በጫት ላይ፣ በቡና ላይ ተሰምቶ አያውቅምን? የተናጋሪው ቋንቋ ይለያይ እንጂ ንግግሩ የኢብን ኡበይ ነው። ኪራይ ተቀብሎ «አበላሁት» የሚል ሰው ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን አደረጉ? ዑመር (ረ.ዐ) ሰውየው ይገደል ሲሉ አልፈቀዱም። ይልቁንስ በዚያ በማይነሱበት ሰዓት ሠራዊቱ ጓዙን ጭኖ እንዲነሳ አዘዙ። ያን ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ሙሉ፣ በማግስቱም ፀሐይ እስክታቃጥል አስኬዷቸው። መሬት እንደነኩ ሁሉም እንቅልፍ ወሰደው። ወሬ የሚያወራ አልተገኘም። ሱብሓነላህ! ወሬ በራሱ መሣሪያ መሆኑን ያወቀ መሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እናንተ ወላጆች ይህንን ያዙ። ግቢ ውስጥ ችግር በተሰማበት ሌሊት ልጃችሁ መጀመሪያ የሚያነሳው የእናንተን ስልክ ነው። «ወገንህን እንዳትተው» ካላችሁት ጥሪው ከእናንተ ቤት ወጣ ማለት ነው። «ከክፍልህ አትውጣ፤ ከጎንህ የተኛውንም ልጅ እንዳታስነካ» ካላችሁት ደግሞ የሁለት እናቶችን ልጅ ጠበቃችሁ። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ መኖሩም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሌሊት በስልክ ለልጃችን የምንለውን አዋጁ አይሰማም።

ስለ ቋንቋም ሳልናገር አላልፍም። ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች «ሱቅ ገብተን በአማርኛ ስንጠይቅ እያወቁ ዝም ይሉናል» ብለው ይነግሩኛል። ይህን ለሚያደርግ ነጋዴ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ቅሬታህ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አባቶቻችን ፍርድ ቤት ቆመው በራሳቸው አገር አስተርጓሚ ይፈልጉ ነበር፤ እስከ 1966ቱ ለውጥ ድረስ አፋን ኦሮሞ የትምህርት ቤት ቋንቋ አልነበረም። ይህ ቁስል እውነተኛ ነው፤ «እርሱት» የሚል ሰውም ፍትሕ አያውቅም። ሁለተኛ ግን፣ ከፊትህ የቆመው የ19 ዓመት ልጅ ያንን አላደረገም። ሳሙና ሊገዛ ነው የመጣው። ለተማሪውም ምክር አለኝ፤ አራት ዓመት ሮቤ ኖረህ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ እንኳ መስጠት ሳትችል ከተመረቅህ ከሰዎቹ ይልቅ ራስህን ጎዳህ። ነገ ጎባ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ የምታይ ልጅ፣ የበሽተኛዋን አንደበት ሳታውቅ ምን ልትረዳት ነው?

በመስጂዶቻችንም ይህ ነገር አለ። ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቆማለን። ካሰላመትን በኋላ ግን የስልጤው ልጅ ወደ አንድ ጥግ፣ ሶማሌው ወደ ሌላ ጥግ፣ የወሎው ልጅ ወደ በሩ ይሄዳል። የጁምዓ ኹጥባውን ሰምተው ያልገባቸው ልጆች አሉ። ከሶላቱ በኋላ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የኹጥባውን ፍሬ ነገር በአማርኛ የሚነግራቸው አንድ ሰው ቢኖር ምን ይጎድልብናል? በአማርኛ ኹጥባ በሚደረግባቸው ከተሞችም ለእኛ ልጆች እንደዚሁ ቢደረግላቸው እንወዳለን።

ሌላው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነገር የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው። እኛ ሐበሾች በቢላል (ረ.ዐ) እንኮራለን፤ ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፤ መስጂዶቻችንን በስሙ እንሰይማለን። ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በአስፋልቱ ሲያልፍ ግን ሕፃናት ይስቁበታል፤ አዋቂው ዝም ይላል። «ባርያ» የምትለዋ ቃል በዚህ ዘመን ገና ከአንዳንድ ቤት አልወጣችም። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ አነወረው፤ በአንዳንድ ዘገባ ሰውየው ራሱ ቢላል እንደነበር ተወርቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን ጃሂሊያ ያለበት ሰው መሆኑን ነገሩት። አቡ ዘር ማን ነው? ከቀደምት ሙስሊሞች አንዱ ነው! ሶላትም፣ ጾምም፣ ዙህድም እያለው ይህ ተባለ። ታዲያ እኛ ማን ሆነን ነው «እኔ ዘረኛ አይደለሁም» የምንለው? ከዚያ በኋላ አቡ ዘር የሚለብሰውን ዓይነት ልብስ ለአገልጋዩም ያለብሰው እንደነበር ተዘግቧል። ተውበቱ በልብሱ ላይ ታየ።

መምህራንንም ላስታውስ። ብዙ ተማሪ «በብሔሬ ነጥብ ተቀነሰብኝ» ይላል። አንዳንዱ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ሳያጠና የቀረ ልጅ ሰበብ ነው። ሁለቱን የሚለይ አሠራር ከሌለ ግን ሐቀኛውም መምህር ይጠረጠራል። በአገራችን ስም ብቻውን የሰውየውን ብሔርም ሃይማኖትም ይናገራል። የፈተናው ወረቀት ላይ ስም ቀርቶ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ቢጻፍ፣ መምህሩ ሲያርም የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም፤ ተማሪውም የሚያማርረው ነገር አይኖረውም። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ አላህ የሕዝብ ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን አስጠንቅቆናል። የሚጠላንን ሕዝብ በተመለከተ ይህ ከታዘዘ፣ ምንም ያላደረገህን ተማሪ በተመለከተማ ምን ሊባል ነው? የዶርም ድልድልም እንደዚሁ ነው። ጠብ ሲነሳ ተማሪው «ከወገኔ ጋር አስተኙኝ» ይላል፤ ለጥቂት ሌሊት ደኅንነቱ ከሆነ ይሁን። በዚያው ከቀጠለ ግን አንድ ግቢ ውስጥ አራት አገር ሠራን ማለት ነው።

ከ2012 ወዲህ ብዙ ወላጅ ልጁ ቅርብ ያለውን ዩኒቨርሲቲ እንዲሞላ ይመክራል። አልፈርድበትም፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። የእኛ የቀድሞ አባቶች ግን ለዒልም ሲሉ የሚሄዱት ወደ ሩቅ ነበር። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማና ከሐረርጌ ደረሶች ወደ ወሎ ይሄዱ ነበር። የጁ ውስጥ የምትገኘው ዳና እንዲህ ካሉት የዒልም ማዕከላት አንዷ ናት። ዛሬ የሁለት ተማሪ ደም ከፈሰሰባት ወልድያም ሩቅ አይደለችም። ደረሳው ኪሱ ባዶ ነው፤ ቋንቋው ሌላ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ያበላዋል፤ ዒልም ፈላጊ ነውና ሲያበላው ምንዳ እንደሚያገኝ ያምናል። ወደዚህም ብንመለስ፣ በምሥራቅ ባሌ ድሬ ሸኽ ሑሴን ለዘመናት ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አርጎባው፣ ወሎዬው የተገናኘበት ነው። ስለ ዝያራው ዑለማዎች ያላቸው ክርክር ይቆየንና፣ ከሩቅ የመጣን እንግዳ ማሳደር ለባሌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና እንደገቡ ከሠሩት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሙሃጂርን ከአንሷር እያጣመሩ ወንድማማች ማድረግ ነበር። አጠቃላይ ምክር ሰጥተው አልተዉትም፤ እገሌ የእገሌ ወንድም ነው ብለው በስም አጣመሩ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የሀብቱን ግማሽ ሊሰጠው አቀረበለት። ዐብዱረሕማን በረካ ይሁንልህ ብሎ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀው። ፋርሳዊው ሰልማን ከአቡ ደርዳእ ጋር ተጣመረ፤ በኋላም አቡ ደርዳእ ዒባዳ አብዝቶ ቤቱንና ሰውነቱን ሲጎዳ ያረመው እንግዳው ሰልማን ነው። እንግዳ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን መሰል ነገር በአገራችንም ተጀምሯል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2012 ጀምሮ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በሚል ስም የከተማው ነዋሪዎች ከሌላ አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ ተቀብለው በዓል አብረው እንዲውሉ፣ ሲታመሙ እንዲጠይቋቸው የሚያደርግ ሥራ አለ። ጎንደር ይህን ለእኛ ልጆች ካደረገች፣ ሮቤና ጎባ ምን ያንሳቸዋል?

«የሚመጣው ልጅ ክርስቲያን ቢሆንስ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበላቸው ነጃሺ በዚያን ጊዜ የክርስቲያን ንጉሥ ነበር። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በሃይማኖት አይቆረጥም። ጥንቃቄ ግን አድርጉ። ማዕድ አቅርባችሁ ስለ እምነቱ አትሟገቱት። ክርስቲያኑ ልጅ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበላም፤ አትዘኑበት፤ እኛም የእነርሱን አንበላምና። የጾም ቀን ከሆነ ጭኮውንም ቅቤ ያለበትን ገንፎም ተዉትና ሽሮ አቅርቡለት፤ ቆሎና ሻይም ይበቃል። የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ እናቶች ይያዙት።

ለአንድ ቤት አንድ ተማሪ በቂ ነው። ገንዘብ አትስጡት፤ ስሙንና የወላጁን ስልክ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ለእናቱ ደውሉላትና የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያየው ንገሯት። ከፊታችን ጁምዓ ጀምሮ ከመግሪብ ሶላት በኋላ እኔ ባለሁበት መስጂድ በር ላይ መዝገብ ይኖራል፤ የቤቱን አባወራና እማወራ ስም፣ ሰፈሩን፣ የሚችሉትን ቋንቋ እንጽፋለን። ያቺ የጎባ እናት ስማቸው ከላይ ተጽፏል፤ የሁለቱንም የወሎ ልጆች ስም ይዘው ነው የመጡት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።